ማስተካከያ፦ የዋተር ፓምፕ ፑሊ አፈታት

ስለ መኪና ዋተር ፓምፕ ፑሊ (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ የሚያዞረው፣ ቺንጊያ ማለትም የሞተር ቀበቶ የሚያልፍበት ክብ) አፈታት ቀደም ሲል ስጽፍ «መጀመሪያ ቺንጊያውን አውልቁ፤ ከዚያ የፑሊውን ብሎኖች ፍቱ» ብዬ ነበር። ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ቺንጊያው ከወለቀ በኋላ ፑሊውን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቁልፉን በገፋችሁ ቁጥር አብሮ ይዞራል፤ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ቺንጊያው እንደተወጠረ፣ ሁሉንም ብሎኖች (ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ናቸው) ላላ አድርጓቸው፤ አታውጧቸው። ቀጥሎ ቺንጊያውን አላልታችሁ አውጡና ብሎኖቹን በእጅ ጨርሱ።

ቺንጊያው ቀድሞ ወልቆ ከሆነም መላ አለው፤ አሮጌ ቺንጊያ ፑሊው ላይ ጠምጥሞ ጫፎቹን በአንድ እጅ ጥብቅ አድርጎ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«ካልወጣ በካቻቪቴ ፈልቅቁት» ያልኩትንም ሰርዣለሁ። በብሎን የታሰረ ፑሊ ዝገት ከያዘው ዙሪያውን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ያለ ብሎን፣ በግፊት ዘንጉ ላይ የገባው ዓይነት ግን ያለ ፑለር (ፑሊን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) አይነካም። በካቻቪቴ የተፈለቀቀ ፑሊ ጠርዙ ይጣመማል፤ ቺንጊያው እየተወላገደ ይጮኻል። ያኔ ሰው ጥፋቱን አዲሱ ፓምፕ ላይ ይለጥፋል።