ሴንሰር ናት

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ "መኪና ልገዛ ነው፣ አንተ ትንሽ ስለምታውቅ አብረኸኝ ና" አለኝ። የማውቀው ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ሄድን። የ15 ዓመት መካከለኛ አውቶሞቢል ናት። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዋ ሳይቀር ቅባት ተቀብቶ ቆማለች። ባለቤቷ ኮፈኗን እንደ ሕፃን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገና "ጋሼ፣ ምንም የለባትም" አለኝ።

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ወጥቶ ይቺን ቃል ሳይሰማ የተመለሰ ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ ግን ዛሬ ላማርር አይደለም፣ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ሁሉ ነገር በተበላሸበት ዘመን ምንም ያልነካው ነገር የሚሸጥላችሁ ሰው ማግኘት ቀላል ነው? ጤነኛ ከሆነች ለምን እንደምትሸጥ ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ አንጀት ይበላል። "ልቀይራት ብዬ ነው።" እንከን የሌላትን ለእናንተ ትተው እነሱ ወደማያውቁት መከራ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ቸርነት!

ስንደርስ ሞተሯ ሞቋል። ክፉ አታስቡ። ሞተር ሲቀዘቅዝ ያለበትን ኳኳታና ጭስ ጠዋት ሲነሳ ነው የሚናገረው፣ እሱን ሊደብቁ አይደለም። ብርድ እንዳይመታት ነው። ሞተሩም ታጥቧል። ዘይት የሚያፈስበት ቦታ እንዳይታይ? ኧረ በጭራሽ! ንጽሕና ስለሚወዱ ነው።

ቆጣሪዋ 68,000 ኪሎሜትር ይላል። ለ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት 4,500 ገደማ፣ በቀን 12 ኪሎሜትር መሆኑ ነው። ምን ያለች ጨዋ መኪና ናት! የፍሬን ፔዳሏ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። በቀን ከምትሄደው 12 ኪሎሜትር 11ዱን ፍሬን ተይዛ የሄደች ይመስለኛል።

"ጎማው አዲስ ነው" ተባልን። ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበት ጊዜ በ4 አሃዝ ይጻፍበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ 2311። በፈረንጆቹ 2011፣ 23ኛው ሳምንት። ለነገሩ ሰውየው አልዋሸም። እኔ ያን ጎማ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ ለእኔ አዲስ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞርኩ። በዚህ ጊዜ የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያ መብራቶች ለጥቂት ሰከንድ መብራት አለባቸው፤ መኪናዋ ራሷን ስትፈትሽ ነው። የዘይቱ በራ። የባትሪው በራ። የሞተር ችግር የሚጠቁመው የቼክ ኢንጂን መብራት ቦታ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። በጣቴ ብዳስሰው ለስለስ አለኝ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ናስትሮ! ጥቁር በጥቁር ላይ፣ ጥጓ በምላጭ ተስተካክሎ የተቆረጠ። እጅህ ይባረክ የሚያሰኝ ሥራ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እሷ... ሴንሰር ናት፣ ጋሼ።"

ልብ አድርጉ፣ "ናት" ነው ያለው። ብልሽት በአንስታይ ጾታ ሲጠራ ትንሽ ይሆናል፣ ያሳዝናል፣ በጣት የሚጠገን ይመስላል። ገንዘቡ እስኪቆጠር ድረስ ሁሉም ነገር "ናት" ነው። ሴንሰር ናት። ካንዴላ ናት። ትንሽ ዘይት መጨመር ናት። ከፍላችሁ ጋራዥ ስትገቡ ጾታው ይቀየራል። መካኒኩ ራሱን እየነቀነቀ "ይሄማ ካምቢዮ ነው" ይላችኋል። "ናት" ከኪሳችሁ ትከፈላለች። "ነው" ግን ቁጭ ብሎ ቤተሰብ መምከር ይፈልጋል።

ወደ ናስትሮዋ ልመለስ፣ ስላልጠገብኳት። ከዚህች የረከሰ መለዋወጫ የለም። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲደክም ሞተሩ ይደናቀፋል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። በጊዜው ቢቀየር ከአሮጌ መኪና ወጪዎች ትንሹ ነው። በናስትሮ ከታከመ ግን ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ይወርድና ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ያግለዋል፣ ሲብስም ያቀልጠዋል። ካታላይዘር ውስጥ ያለው ደግሞ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ተራ ካንዴላ የነበረውን ወጪ የወርቅ ቤት ሒሳብ ላይ ያደረሰች ናስትሮ ናት።

ለምንስ በአንድ መብራት ትወሰናለች? የዘይት ግፊት መብራት ላይ ስትለጠፍ ሞተር ይታደሳል። የሙቀት መለኪያው ላይ ስትለጠፍ ራዲያተር ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ አይኖርም፣ የሞተሩ ክዳን ቴስታታ አይጣመምም፣ ጋስኬት አይቃጠልም። ነዳጅ መለኪያው ላይ ብትለጠፍ ነዳጅ የማያልቅባት የመጀመሪያዋ መኪና ትሆናለች። ፍጥነት መለኪያው ላይ ከሆነ ቅጣት ቀረ። ስፖኪዮው ላይ ብትለጠፍ ከኋላ የሚከተል አበዳሪ የለም። የፊት መስታወቱ ላይ ደህና አድርጎ የለጠፈማ የመንገድ መጨናነቅ አበቃለት። የቀረው የገዢው ዓይን ነው፣ እሱን ደግሞ ገዢው ራሱ ለጥፎት ይመጣል። "ቀለሟ ግን እንዴት ያምራል!" ይል ነበር የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ።

አንድ ነገር ላይ ግን መሳቅ አቃተኝ። የኤርባግ መብራትም እንዲሁ ይሸፈናል፣ አለዚያም አምፖሏ ትነቀላለች። ያቺ መብራት በርታ ከቀረች በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል ማለት ነው። ይህን እያወቀ የሚሸፍን ሰው ዋጋ አልጨመረም፣ ብልጥም አይደለም። የማያውቃትን የሌላ ሰው ሚስት ከፊት ወንበር አስቀምጦ ፊቷን በገንዘብ ለውጧል። እሷ እኮ ቀበቶዋን አስራ፣ ኤርባግ አለኝ ብላ ነው የተቀመጠችው! "ንግድ ነው" እንዳትሉኝ። ንግድ አይደለም፣ ወንጀል ነው።

እሺ፣ ምስጋናዬን ልቀጥል።

የዘይት መክፈቻውን ክዳን አነሳሁ። ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ይዟል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ አንዳንዴ እርጥበት ብቻ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ የቴስታታ ጋስኬት ነው። ለሰውየው አሳየሁት። "ትስተካከላለች" አለኝ። አሁንም አንስታይ።

"ትርፍ ቁልፍ አላት?"

"የላትም።"

"ክሪክስ?"

"እሱም የላትም።"

"ትርፍ ጎማ?"

"ለጊዜው የላትም።"

ይሄኔ በራልኝ። ሰውየውን ስሙን አጥፍቼው ኖሯል። ከመጀመሪያው እውነቱን ነው የነገረን፣ አንዲት ፊደል ብቻ አምልጣው ገብታ ነው። "ምንም የላትም" ሊል ፈልጎ ነው።

"የሰርቪስ ደብተሯስ? ዘይት የተቀየረበት፣ ቺንጊያ የተቀየረበት?" አልኩት። ቺንጊያዋን፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የምታስኬደውን ቀበቶ፣ የጠየቅሁት በብዙ ሞተር ላይ 100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ስለምትቀየር ነው። ስትበጠስ በአብዛኛው ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ያ ደግሞ ያለ ጥርጥር "ነው" ነው።

"መሳቢያው ውስጥ ሳትኖር አትቀርም" አለ።

ከፈትኩት። ደብተር የለም። አንድ ጥቅል ጥቁር ናስትሮ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያገኘኋት ቁራጭ የአውራ ጣት ጥፍር ነው የምታክለው። ጥቅሉ ግን ግማሹ አልቋል።