ልጄ ያለው ሁለት እግር ነው!

«ምረጪለት» አለኝ የኸርሊንግ አሰልጣኙ። በሰው ፊት። ወላጅ ሁሉ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ እየሰማ። «ወይ ኸርሊንግ፣ ወይ ፉትቦል። ምረጪለት።» ሁለቱም የአየርላንድ ጨዋታ ናቸው፤ ኸርሊንግ ትንሽ ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ ፉትቦሉ ደግሞ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱ በእጅም በእግርም የሚያዝበት።

ገና አሁን ነው ቤት የገባሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የቱን ልምረጥለት? ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለቱንም ነው የተጫወተው። ሁለቱንም ያስጀመራችሁት እናንተው የክለቡ አሰልጣኞች ናችሁ! ቅዳሜ ጠዋት ግማሹን ሰዓት ዱላ፣ ግማሹን ሰዓት ኳስ እያስያዛችሁ ያሳደጋችሁት እናንተ። ያኔ «ልጁ ይደሰት እንጂ ሌላው ይደርሳል» ነበር ወሬው። አሁን ቁመቱ ከኔ ሲበልጥ፣ ትከሻው ሲሰፋ፣ ሁለታችሁም «የኔ ነው» አላችሁ። ልጄ የማንም መሬት አይደለም፤ አጥር አታጥሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ማታ የፉትቦሉ አሰልጣኝ የወዳጅነት ጨዋታ ያዘ። የወዳጅነት! ነጥብ የለው፣ ዋንጫ የለው። ዛሬ የኸርሊንግ ግማሽ ፍጻሜ እንዳለ መላው ሰፈር ያውቃል። ክለቡ በር ላይ ተለጥፏል። እኔም በዋትስአፕ ጻፍኩለት። «እባክህ፣ ነገ ትልቅ ጨዋታ አለው፤ ከእረፍት በኋላ አስወጣልኝ» አልኩት። ሁለቱም ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል። መልስ ግን የለም። ልጄን እስከ መጨረሻው ፊሽካ አስሮጠው። ያውም መሃል ሜዳ ላይ።

ማታ ደረጃውን በጎኑ ነው የወጣው። የታፋው የኋላ ጡንቻ ድርቅ ብሏል። በረዶ ያዝንለት። «ደህና ነኝ እማ» ይላል። ደህና አይደለም። ግን ቢናገር እንዳያስቀሩት ፈርቷል። ልጅን ሕመሙን እንዲደብቅ የሚያስተምር ስፖርት ምን ይባላል?

ዛሬ ጨዋታው እንደተጀመረ ጥሩ ነበር። አንድ ኳስ ከአየር ላይ በእጁ ለቀማት፣ መታት፣ ነጥብ አስቆጠረ። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ ከኋላው ወደቀች። ዞሮ ሊሮጥ ሲል ቆመ። እጁን ታፋው ላይ አደረገ። ልቤ ነው የወደቀው። አሰልጣኙ ቀየረው። መቀየሩስ ይሁን፣ ትክክል ነው። ግን ሲወጣ አንዲት ቃል አልተናገረውም። ትከሻውን እንኳ አልነካውም። ልጄ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ማሊያውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገና ተቀመጠ።

እኔ ወደ ሰውዬው አልሄድኩም። ልብ በሉልኝ። እሱ ነው ጨዋታውን ትቶ ወደኔ የመጣው።

«ልጅሽ ጉልበቱን ትናንት ለሌሎቹ ሰጥቶ ነው የመጣው» አለኝ።

ሌሎቹ እነማን ናቸው? አንድ ክለብ ናችሁ! አንድ በር፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ የቁልፍ መያዣ ነው ያላችሁ!

«ለፉትቦሉ አሰልጣኝ ለምን አልደወልክለትም? ጎረቤትህ አይደል?» አልኩት።

«እሱ የኔ ሥራ አይደለም።»

«ታዲያ የማነው?»

«የልጁ ነው። ልጁ ራሱ ነው መናገር ያለበት።»

ስሙኝ እስቲ። የ16 ዓመት ልጅ ሽበት ላወጣ ሰው «ዛሬ አልጫወትልህም» እንዲል ነው የሚፈልገው። እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው ያስተማርነው። አሰልጣኝ ሲጠራው «እሺ» ይላል። ሁለት አሰልጣኝ ሲጠራው ሁለት ጊዜ «እሺ» ይላል። ጨዋነቱን ነው የሚቀጡበት።

ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት አቋረጠኝ። «አይ፣ ይሄ ጨዋታ በደም የሚመጣ ነገር ነው። አንቺ ላይገባሽ ይችላል።»

ኧረ ባክህ! ለኔ ነው የማይገባኝ? እኔ ያደግኩት የገና ዕለት ሜዳው በዱላ ሲንኳኳ እየሰማሁ ነው። ሩሯ ስትበር፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሲጋጠም፣ ጎረምሳው ሲጨፍር። የአባቴ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳ ከሩር ነው። በዱላ ኳስ መምታት ምን እንደሆነ ከናንተ አልተማርኩም። ልጄ መጀመሪያ ሀርሊ፣ የኸርሊንጉን ዱላ፣ ሲይዝ አባቴ በቪዲዮ አይቶ «ይሄማ ገና ነው!» ብሎ እልል አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን እኛ። የናንተ ጌቶች ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚቆጡት።

እና መለስኩለት። «አንተ ስትጠራው ይሮጣል። እሱ ሲጠራው ይሮጣል። እግሩ ግን ሁለት ነው፣ አራት አይደለም!» ድምፄ ከፍ ብሏል። ይበል። አንዷ እናት ስልኳን ማየት ጀመረች። አንዱ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። ከነሱ መሃል የኔው ችግር ያለባቸው ሞልተዋል፤ ማታ ማታ እየደወሉ የሚያለቅሱልኝ እነሱው ናቸው። ዛሬ ግን አንድም ሰው «ልክ ናት» አላለም። ያኔ ነው «ምረጪለት» ብሎ ጀርባውን የሰጠኝ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «አንዱን ይተዋ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ትለኛለች። ስንት እንደሚከፈለውም ትጠይቀኛለች። ምንም! አምስት ሳንቲም! ደብሊን ያለው ትልቁ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ በላይ ሰው ሞልቶ የሚጫወቱት ትልልቆቹም ደመወዝ የላቸውም። ሰኞ ሥራ ገቢ ናቸው፤ አስተማሪ፣ ገበሬ፣ ነርስ። ይሄ የጨዋታው ክብር ነው፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። አሰልጣኞቹም በነፃ ነው የሚያገለግሉት፤ በዝናብ ቆመው ልጆቻችንን ያሠለጥናሉ። ለዚህ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ግን በነፃ ስለሠራህ ልጄን መስበር አትችልም።

እህቴ ደግሞ ሁለቱ ጨዋታ አንድ ይመስላታል። ሜዳው አንድ ነው፣ ጎሉ አንድ ነው፣ 15 ለ15 ነው፣ ጎል 3 ነጥብ ነው። እዚያ ላይ ያበቃል። ኸርሊንግ እጅ ነው፣ ዓይን ነው። ስሊተሯ፣ ኳሷ ማለት ነው፣ ከ120 ግራም አትበልጥም፤ ስትመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች። ከፈረንጆቹ 2010 ጀምሮ ያለ ሄልሜት መጫወት ለሁሉም የተከለከለው በከንቱ አይደለም። ያ እጅ እንዳይዝግ በየቀኑ ግድግዳ ላይ ኳስ መምታት አለበት። የጋራዡን ግድግዳ አይታችሁታል፣ ቀለሙ አልቋል። ፉትቦሉ ደግሞ ሳንባ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ነው። ሜዳው ከ130 እስከ 145 ሜትር ነው፤ እኛ የምናውቀው የእግር ኳስ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 105 ሜትር ነው። አንዱ «ቀላልና ፈጣን ሁን» ይለዋል፣ ሌላው «ክብደት ጨምር» ይለዋል። አንዱ ሰኞና ረቡዕ፣ ሌላው ማክሰኞና ሐሙስ። ዓርብ «ቀለል ያለ ልምምድ» ይላሉ። ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ። ይሄ ልጅ የሚያርፈው መቼ ነው? የሚያጠናውስ?

የጾሙን ነገርማ አታንሱት። ባለፈው ዐቢይ ጾም ላይ የፉትቦሉ ሰውዬ «ዶሮ አብይው፣ እንቁላል አብይው» ብሎ ወረቀት ላከልኝ። ልጁ መጾም የፈለገው ራሱ ነው። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሽምብራ አለ። አስረዳሁት። ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ግን ሰኞ እናየዋለን» አለኝ። ሰኞ በሩጫ አንደኛ ወጣ። ስለዚያስ አንድ ነገር አለ? አላለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ግብዝነታቸው ነው። ኮርክ አውራጃ ውስጥ ሁለት ቢራ ከጠጡ በኋላ የሚያወሩት ስለማን ነው? ስለ ቴዲ ማካርቲ! በፈረንጆቹ 1990 ኮርክ ሁለቱንም የኦል አየርላንድ ዋንጫ፣ የአውራጃዎቹን ትልቁን ዋንጫ፣ ወሰደች። መስከረም 2 ቀን ኸርሊንግ፣ ጎልዌይን አሸንፋ። መስከረም 16 ቀን ፉትቦል፣ ሚዝን አሸንፋ። በሁለቱም ፍጻሜ ተሰልፎ በአንድ ዓመት ሁለቱንም ያሸነፈ ወንድ እሱ ብቻ ነው። በ2023 ሲያርፍ አገር ነው ያለቀሰው። ነፍሱን ይማር። ጃክ ሊንችን ደግሞ ተዉት፤ ከ1941 እስከ 1946 በተከታታይ ስድስት ዓመት አሸንፏል፤ አምስቱ በኸርሊንግ፣ አንዱ በፉትቦል። ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በነዚህ ሰዎች ስም ይምላሉ። ልጄ የነሱን መንገድ ልጀምር ሲል «ምረጪለት»!

ሾን ኦግ ኦ ሃልፒንስ? እናቱ ከፊጂ ናት፣ ከሮቱማ ደሴት። እሱም የተወለደው ፊጂ ነው። በ1999 በሁለቱም ፍጻሜ ለኮርክ ተሰልፏል፤ ኸርሊንጉን አሸነፈ፣ ፉትቦሉን ተሸነፈ። በ2005 የኸርሊንጉ ቡድን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ እሱ ነበር። «በደም ነው የሚመጣው» የሚለኝ ሰውዬ እሱ ሜዳ ሲገባ አጨብጭቦ ነበር እኮ! የማን ደም ነው ታዲያ?

ትንሿ ልጄም አለች። እሷ ካሞጊ፣ የሴቶቹ ኸርሊንግ፣ እና ፉትቦል ናት። የሷ ደግሞ ይብሳል፤ ማኅበራቱ ራሳቸው ለየብቻ ናቸው። የወንዶቹ 1884፣ ካሞጊ 1904፣ የሴቶች ፉትቦል 1974 የተቋቋሙ ሦስት ድርጅቶች። በ2027 አንድ ይሆናሉ ተብሏል፣ እስኪሆኑ ግን በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲይዙባት ማንን ልጠይቅ? የቁምጣውንስ ጉድ ታስታውሳላችሁ? ፉትቦል በቁምጣ ትጫወታለች፣ ካሞጊ ላይ ግን ቀሚስ መሰል ነገር ግድ ነበር። በ2025 የደብሊንና የኪልኬኒ የካሞጊ ቡድኖች በቁምጣ ቢወጡ «ካልቀየራችሁ ጨዋታ የለም» ተባሉ። ከስንት ጩኸት በኋላ ነው በዚያው ግንቦት ሕጉ የተሻረው። ሪና በክሊ ሁለቱን ጨዋታ ይዛ 18 የኦል አየርላንድ ሜዳሊያ የሰበሰበችው በዚህ ሁሉ መሃል አልፋ ነው። ሁለቱንም ቡድን በአምበልነት መርታ አሸንፋለች። የዚህች ሴት ትዕግሥት ለኔ ቢሰጠኝ!

«አይቻልም» አትበሉኝ። ይቻላል። ሰሜን አየርላንድ፣ ደሪ ውስጥ ስሎክኒል የምትባል የገጠር መንደር አለች፤ ክለቧ በ2016 የአልስተር ክፍለ ሀገርን የክለቦች ዋንጫ በፉትቦልም፣ በኸርሊንግም፣ በካሞጊም ወስዷል። በሦስቱም! ወንዶቹ ቡድኖች ደግሞ ብዙ ተጫዋች ይጋራሉ። የደብሊኑ ክለብ ኩአላም በ2017 እና በ2018 የአየርላንድን የክለቦች ኸርሊንግ አሸነፈ፣ በ2025 ደግሞ ፉትቦሉን። ተጫዋቹ ኮን ኦካላሃን በሁሉም ነበረበት። እዚያ አሰልጣኝ ከአሰልጣኝ ሳይነጋገር ይሄ ሁሉ የሚሆን ይመስላችኋል? እኛ ጋ ግን አንዱ ስልክ ማንሳት ሞት ሆኖበታል፣ ሌላውም እንደዚያው። የጠፋው የልጄ አቅም አይደለም። የጠፋው የሁለት ትልልቅ ሰዎች የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው።

አንዳንዴ ይደክመኛል። እውነቴን ነው። የልጆቼ አባት ሌሊት ነው የሚሠራው፤ መኪናውን የምነዳው እኔ፣ ማሊያውን የማጥበው እኔ፣ የተሰበረውን ሀርሊ የማስጠግነው እኔ። ሀርሊው የሚሠራበትን የአሽ ዛፍ በሽታ ከመታው ወዲህ ዱላውም ተወዷል። «በቃ አንዱን ተው» ልለው አፌ ላይ ይመጣል። ከዚያ አየዋለሁ፤ በአንድ እጁ እንጀራ ይዞ፣ በሌላው ሀርሊው ጫፍ ላይ ኳሷን ሚዛን ሲያስጠብቅ። እንዴት ብዬ ነው የምለው? ይሄ ልጅ እዚህ አገር ጓደኛ ያገኘው በሁለቱም ነው። ግማሹ ጓደኛው ከዚያ፣ ግማሹ ከዚህ። የቱን ግማሽ ልቁረጥበት?

ሰኞ ማታ የክለቡ ኮሚቴ ስብሰባ አለው። እሄዳለሁ። የሁለቱንም ቡድን ፕሮግራም አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የሚጋጨውን በቀይ አስምሬ ነው የምሄደው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ቡድን የሚያገናኝ አንድ ሰው ይመደብ፣ በሻምፒዮንሺፕ ዋዜማ የወዳጅነት ጨዋታ ይቅር። ማታ ማታ የምትደውሉልኝ እናቶች፣ እናንተም ኑ። ስልክ ላይ ማልቀስ ይብቃ።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። የፉትቦሉ ግሩፕ ነው። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ልምምድ አለ፤ ሁሉም ይገኝ።»

መለስኩለት፦ «የኔ ልጅ አይመጣም። ታፋውን ታሟል። ምን እንዳመመው ጎረቤትህን ጠይቀው።»

ሰማያዊ ሆኗል። አንብቦታል።