«ዊንዶውስ ይጫንበት» የሚሉት መድኃኒት

ሐዋሳ ውስጥ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀም ሰው፣ ኮምፒውተሩ በምንም ምክንያት ቢታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ብቻ መሆኑን ሰሞኑን በገንዘቤም በትዕግሥቴም ከፍዬ ተረድቻለሁ።

አቶቴ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ የትርጉም ሥራ የምሠራበት ዴስክቶፕ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራው የኔትወርክ ፖርቱ (የኔትወርክ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) በየሁለት ደቂቃው ይገናኛል፣ ይቋረጣል። ጨርሶ ቢሞት ኖሮ አልቅሼ እቀብረው ነበር፤ እንዲህ አንዴ እየሞተ አንዴ እየተነሣ ግን ሳምንቱን ሙሉ ተስፋ ሲሰጠኝና ሲነሣኝ ሰነበተ።

ፒያሳ ወዳለ ጥገና ቤት ተሸክሜ ወሰድኩት። ልጁ ገመድ እንኳ ሳይሰካበት፣ ስክሪኑን ብቻ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሊኑክስ ስለሆነ ነው፤ ዊንዶውስ ይጫንበት» አለኝ። ሁለተኛው ቤትም ይህንኑ ደገመልኝ። ይኸው ማሽን ኡቡንቱ በሚባለው በዚሁ የሊኑክስ ዓይነት አራት ዓመት ያለ እንከን መሥራቱን ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ቢሮዬ ተመልሼ ራሴው መፈተሽ ጀመርኩ። ገመዱን ብቀይርም ለውጥ የለም፤ ያንኑ ገመድ የልጄ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ግን በ1000 ሜጋ ቢት ቀጥ ብሎ ሠራ። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ የሥራ መዝገብ ስከፍት፣ ግንኙነቱ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ የሚል መስመር ገጹን ሞልቶታል። በመጨረሻ የስልኬን መብራት ወደ ፖርቱ ባበራ፣ የገመዱን ስምንት ሽቦዎች ከሚነኩት ስምንት ወርቃማ ፒኖች (ቀጫጭን ብረቶች) ሰባተኛው ጎብጦ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ምላሱ የተሰበረ ገመድ እንዳይወልቅብኝ በክብሪት እንጨት ወጥሬ ዓመት የተጠቀምኩት እኔ ነኝና፣ ማን እንዳጎበጠው ለመገመት አልተቸገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ የሚደራደሩት በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ6 ቁጥር ሽቦዎች ብቻ ነው። እነዚህ ደህና ስለሆኑ «በ1000 እንሥራ» ብለው ይስማማሉ፤ 1000 ግን ስምንቱንም ሽቦ ስለሚፈልግ፣ ያ የጎበጠ ፒን ገመዱን ነካ ለቀቅ ባደረገው ቁጥር ስምምነቱ ይፈርስና ድርድሩ ከእንደገና ይጀመራል። ሽማግሌ ፊት እሺ ብሎ በማግስቱ እንደሚክድ ባለጉዳይ መሆኑ ነው። 100 ሜጋ ቢት አራት ሽቦ ብቻ ይበቃዋልና፣ ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ ከዚያ በላይ እንዳይደራደር ብከለክለው ወዲያው ጸጥ ብሎ ሥራውን ያዘ። ለሰነድ መላኪያ 100 ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ክልከላውን ስለሚረሳው፣ በተነሣ ቁጥር ትእዛዙ በራሱ እንዲሠራ አድርጌያለሁ።

ሁለቱም ቤቶች ለ«ምርመራ» ብለው የተቀበሉኝ ብር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ፒኑን ከውስጥ በኩል ለማየት ኮምፒውተሩን ስፈታው፣ ብሎኖቹ ላይ የተጋገረው የዓመታት አቧራ እንዳለ ነበር።