ተኝታችሁ ነበር እንዴ?

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ተንኳኳ ያልኩት በጨዋ ደንብ ነው፤ ተደበደበ። እኔ የዕድር ጥሩምባ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሰዓት ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው የታመሙ ዘመዶቼን መቁጠር ነው። ሁለተኛው አጎቴ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ነጠላዋን ደርባ ጨርሳለች። "ማን ይሆን?" አለች። በሩ ላይ ስለቆመው ሰው እንዳልጠየቀች ገብቶኛል።

አንዱን እግሬን በራሴ፣ ሌላውን በባለቤቴ ነጠላ ጫማ አድርጌ ከፈትኩ። የአቡሽ እናት ናት፤ ፊት ለፊታችን የምትኖረው። በቀኝ እጇ ባዶ ጀሪካን ይዛለች፣ በግራዋ የስልኳን መብራት ዓይኔ ላይ አብርታለች።

"ውይ፣ ተኝታችሁ ነበር እንዴ?"

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ምን ልበላት? "ኧረ አልተኛንም" አልኳት። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ በእንቅልፍ ልብም አይለቅም።

"በእናንተ በኩል ውሃ መጣች?"

ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳል ሳል አድርጎ ዝም አለ። "አልመጣችም" አልኳት።

"እኛም ጋ የለችም። መጥታ ተኝታችሁ እንዳታመልጣችሁ ብዬ እኮ ነው!"

አመሰገንኳት። ያልመጣች ውሃ እንዳታመልጠኝ ከእንቅልፌ ለቀሰቀሰችኝ ሴት "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ በሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጥፋ ተኛች። እኔ እስኪነጋ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ውሃ መጣች ብሎ ማንኳኳትን አልቃወምም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጀሞ በሉት፣ የካ አባዶ በሉት፣ ኮዬ ፈጬ በሉት። ቀን ቀን ከተማው ሁሉ ሲያጥብና ሲቀቅል ግፊቱ ይወርዳል። ውሃዋ ምድር ቤትን ተሳልማ ትመለሳለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለነው ግን ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው የምትደርሰን። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ሰው የሌሊት ወፍ ነው። ሰማያዊ በርሜሉን የሚሞላው፣ ጀሪካኑን የሚደረድረው፣ ልብስ የሚያጥበው በጨረቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ለመግባት ጀሪካን መሻገር አለበት። የባለቤቴ እናት አንዴ ገብተው "ልጆቼ፣ ነዳጅ መነገድ ጀመራችሁ?" ብለውናል።

ባለፈው ወር ራስ ምታት ቢበዛብኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ደግ ልጅ ነው። ክንዴን አስሮ ለካና "ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል" አለኝ። "የኔ ልጅ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ያለ እኔ ብቻ ነኝ" አልኩት። አልገባውም፤ ምናልባት ግቢ ቤት ነው የሚኖረው። ከዚያ ምክሩን ሰጠኝ። ጨው ይቀንሱ፣ እንቅልፍዎን በደንብ ይተኙ፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩ። ከተኛሁ ውሃ አላገኝም። ውሃ ካገኘሁ አልተኛሁም። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥልኝ ልመለስ ነበር፤ ግን ወረፋው ረዥም ነው።

"ታዲያ ለምን ቧንቧውን ከፍተህ አትተኛም?" የሚል ይኖራል። ሞክረነዋል! ከቧንቧው ሥር የብረት ሳህን ገልብጠን አስቀመጥን። ውሃ ሲመጣ ሳህኑን ይመታል፣ እንነቃለን። ብልሃት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ውሃዋ ቀስ ብላ መጣች። ሳህኑን አልመታችውም፣ ዳበሰችው እንጂ። የነቃነው ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡ ነው። ሶፋቸው ርሶ፣ ምንጣፋቸው ርሶ፣ ልጃቸው የዝናብ ሕልም እያየ። ሰውዬው እስከዛሬ ሰላምታ ሲሰጠኝ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

የሚያስቀኝ ነገር፣ ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ለውሃ ተብሎ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃውን ወደዱት፣ እዚያው ቤት አሠሩ፣ አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡላት። 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቦታ የመረጡት ውሃ አይተው ነው፤ ያውም የሞቀ! እኛ ቦታ የመረጥነው በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣልኝ ቀን እልል ያለችው እህቴ "ስንተኛ ፎቅ ነው?" ብላ አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅሁም። ቁልፍ ተቀብዬ ስገባ መስኮቱን ከፍቼ ከተማውን ቁልቁል አየሁና "እንዴት ያለ እይታ ነው!" አልኩ። እይታውስ አሁንም አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣ ደረጃው ሥር ጎርፍ ሲወርድ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ደረቅ ቧንቧ ይዤ አየዋለሁ። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች እንዴት እንደሞሉ ዜናው ይነግረኛል። ገፈርሳም ደህና ነው አሉ። እኔ ነኝ እንጂ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቦኖ ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ቧንቧ። ቦኖው ከመከፈቱ በፊት ሰው ወረፋውን በድንጋይ ይይዛል። ያቺ ጠፍጣፋዋ የእማማ ናት፣ ያቺ ቀይዋ የእኛ ናት፣ ሁሉም የራሱን ድንጋይ ያውቃል። ድንጋይ ተሰልፎ ሰው ይተኛ ነበር! አሁን ተገላብጦ ሰው ቆሞ ያድራል፤ ድንጋይ የሆነው ጭንቅላቴ ብቻ ነው። በርግጥ ቦኖው ዘንድ ድብድብም ነበር። አንዲት ሴትዮ ድንጋዬን አንስተሻል ተባብላ ከጎረቤቷ ጋር ለሁለት ዓመት ተኳርፋለች። እናቴ አስታራቂ ሆና ስትሄድ ሁልጊዜ አንድ ተረት ትል ነበር፦ "ተዉት ልጆች፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።"

ይህን ተረት ስወደው! የሰው ልጅ ልፋት በሦስት ቃል። ለጎረቤቴ ልጅ ብነግረው ግን "ጣና ላይ የወጣው አረም ነው?" አለኝ። አይደለም የኔ ልጅ፣ ድምፁ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ውሃ ጨምረህ ብትወቅጠው እምቦጭ፣ እምቦጭ ይላል፤ አይደቅም፣ አይልምም። እያረጀሁ ስሄድ ግን ተረቱ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። ሰውዬው የሚወቅጠውን ውሃ ከየት አገኘው? በፈረቃ ነው? ደግሞስ ዘነዘናውን ማን መለሰለት?

ዘነዘና ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። ሦስት ዓመት ሆነው። የፋሲካ ዋዜማ አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙቀጫ አዋሱን አሉ። የእናቴን ሙቀጫ ሰጠናቸው፤ የወይራ እንጨት ነው፣ ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ። ከበዓሉ በኋላ ሙቀጫው ተመለሰ። ዘነዘናው የለም። "ሲሰጡን አልነበረውም" አሉ።

"ታዲያ በምን ወቀጣችሁ?"

"በእኛው ዘነዘና።"

ሰው ዘነዘና ኖሮት ሙቀጫ የሚዋሰው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሽማግሌም አልመለሰልኝም። ሙቀጫ ያለ ዘነዘና ምን ይሠራል? ባለቤቴ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአንደኛ ፎቅ ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ ይመጣል። የእናቴን ዘነዘና ድምፅ የማላውቀው መስሏቸው ይሆን? በእሱ ድምፅ እኮ ነው ከእንቅልፌ እየነቃሁ ያደግሁት። ባለቤቴ "ተወው በቃ፣ ሌላ ግዛ" ትላለች። ዘነዘና መግዛት አቅቶኝ አይደለም።

ነገሩን የብሎካችን ስብሰባ ላይ ላነሳው ነበር። ዘነዘናውን ሳይሆን ማንኳኳቱን። አጀንዳ አስያዝኩ፣ "ልዩ ልዩ" የሚለው ውስጥ ከቱኝ። የደረጃ ማጽጃ ክፍያ አንድ ሰዓት ፈጀ። የጥበቃው ደመወዝ ሌላ ሰዓት። ከዚያ አንዲት እናት ልጄ በሙቀጫ ድምፅ ማጥናት አልቻለም አሉና ስብሰባው ተናጋ። እኔ አንደኛ ፎቅን ዓይን ዓይኑን አየሁት። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ይዘው ተነሡ። ሁሌም ይዘውት ነው የሚመጡት፤ ዳሩ በሸራ ፕላስተር ተጠግኗል። ከፍ ባለ ድምፅ ሁለት ገጽ አነበቡልን። ሙቀጫ የሚል ቃል አልሰማሁበትም።

"መውቀጥስ የጋራ ቤቱ ውስጥ ነው" አለ አንዱ። እውነቱን ነው። ኮሙናል የምንለው ቤት የተሠራው ለዚህ ነው፤ እንዲታረድበት፣ እንዲታጠብበት፣ እንዲወቀጥበት፣ ለቅሶ እንዲቀመጡበት። የኛ ግን ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው የቀድሞው ሰብሳቢ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገብቷል። ቁልፉም አብሮት ገብቷል። "ሰው ሲመጣ ይላክልን" ተብሎ ከተወሰነ ሁለት ዓመት ሆነው። እንግዲህ መዶሻ የሚባል ነገር አለ ብዬ ብናገር "የጋራ ንብረት መስበር ነው" ተባልኩ። የኔ አጀንዳ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተዛወረ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የሌሊት ኩኩ" ተብሎ ነው የተጻፈው። ማን እንደጻፈው አላውቅም።

ስብሰባው ላይ ያልተነሣ አንድ ነገር ግን ነበር። ሁላችንም እናውቀዋለን። ምድር ቤት ያለው ሰውዬ መስመሩ ላይ ፓምፕ ገጥሟል። ማታ ማታ ሲያስነሳው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ወደ ላይ ልትወጣ የተነሣችውን ውሃ ከሥር ስቦ ሮቶውን ይሞላል፣ ከዚያ መኪናውን ያጥባል። በጎማ። እኛ በጣሳ እየለካን ፊታችንን ስንታጠብ እሱ የመኪናውን ጎማ ያጥባል። ይህን ለመናገር ተረትም ቀልድም አላገኘሁለትም። በጋራ መስመር ላይ ፓምፕ መግጠም የጎረቤትን ውሃ መስረቅ ነው። ግን ስብሰባ ላይ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ፣ ስለ ደረጃው ንጽሕና አስተያየት ሰጠ፣ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። የእሱን በር በሌሊት የሚያንኳኳ የለም፤ ጥሩ እንቅልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ አለች። ዐሥራ አምስት ቢሆናት ነው። ውሃ ሳምንት ሲጠፋ ከታች ከሚሸጠው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ትወጣለች። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው። በቀን አራቴ አምስቴ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ጥጌን ይዤ አሳልፋታለሁ፤ "አይዞሽ" እላታለሁ። አንድ ቀን ልያዝልሽ ብያት "ኧረ ጋሼ፣ እመቤቴ ትቆጣኛለች" አለችኝ። ያን ቀን ራሴን አላመመኝም፤ ሌላ ቦታ ነው ያመመኝ። እኔ እንቅልፌን አጣሁ ብዬ ወግ እጽፋለሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እኔ እነቃለሁ እንጂ በርሜሉን የምትሞላው ባለቤቴ ናት። እኔ መብራት እይዛለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ማንኳኳቱ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ወስኛለሁ። ወረቀት አወጣሁና በትልቁ ጻፍኩ፦ "ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይህን በር ማንኳኳት ክልክል ነው።" ፕላስተር እየፈለግሁ ሳለ ባለቤቴ አነበበችው። ምንም አልተናገረችም። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ ከሥሩ ጨመረችበት፦ "ከውሃ በስተቀር።"

"እንግዲያው ዘነዘናውንም ጨምሪበት" አልኳት።