ስም ያልወጣለት ሕመምና የሰኞ ማታ ኪኒን

አገር ቤት አንድ ሐኪም በሽተኛውን ፊት ለፊት እያየ «ገና አላወቅኩትም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ሪህ ነው ይባላል፣ ነርቭ ነው ይባላል፣ ብርድ ነው ይባላል። ስም ሳይዝ ከክሊኒክ የሚወጣ ሰው የለም። እዚህ ለንደን ግን የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቷ ውጤቶቼን ሁሉ ካየች በኋላ «የትኛው ዓይነት እንደሆነ ገና አልለየንም፤ መድኃኒቱን ግን አሁኑኑ እንጀምር» አለችኝ። ደነገጥኩ። ተናደድኩም። ያልታወቀ በሽታ እንዴት ይታከማል?

ሁለቱም የእጅ አንጓዎቼና ጣቶቼ ያብጣሉ። ተቆላልፈው ነው የሚያድሩት፤ ጠዋት እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጀበና አንስቶ መቅዳት አቃተኝ። ሊጥ ማቡካቱን ተውኩት። የካፖርቴን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ሥራ ሆነ። በደም ምርመራ ብግነቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያዎቹ መቆጣት፣ ታየ፤ በአልትራሳውንድም ታየ። ሩማቶይድ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ ምልክት የሆኑት ሁለቱ የደም ምርመራዎች ግን ኔጌቲቭ ሆኑ። ከዚያ ሌላ ዓይነት እንደሆነ ለማጣራት ጥያቄው ቀጠለ። ቆዳሽ ላይ የሚላላጥ ነገር ወጥቶ ያውቃል? ዓይንሽ ቀልቶ ያውቃል? ሆድሽስ? ጀርባሽስ? ሁሉም «የለም» ሆነ። በመጨረሻ ፖስታ ቤት ባመጣልኝ ደብዳቤ ላይ የሰፈረው «ዓይነቱ ያልተለየ የመገጣጠሚያ ብግነት» የሚል ነው።

ቅዳሜና እሁድ ከአገሬ ልጆች ጋር ስገናኝ ስም የሚሰጠኝ አልጠፋም። «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» የሚለኝ አለ። «የዚህ አገር ብርድ ነው» የሚለኝ አለ። አንዷ የጥቁር አዝሙድና የማር ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች፤ እግዜር ይስጣት፣ ከልቧ ነው። ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሳያውቁት እንዴት መድኃኒት ሰጡሽ?» እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

መልሱን ያስረዳችኝ ነርሷ ናት። ብግነቱ ሩማቶይድም ሆነ ሌላ የአጥንቱን ጫፍና የሚሸፍነውን ልም አጥንት ሊበላ ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። አንዴ የተበላ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሩማቶይድ ካለባቸው ሰዎች ውስጥም ደማቸው ኔጌቲቭ የሚሆን ብዙ አሉ። ስሙ እስኪለይ እጅሽ ቢጣመም ስሙ ምን ይሠራልሻል አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቤቱ እየተቃጠለ እሳቱን ማን እንደለኮሰው እስኪታወቅ ውኃ አይከለከልም።

መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ይባላል። አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ ለሩማቶይድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት የካንሰር መድኃኒት ነበር፣ አሁንም ነው። ወረቀቱን ያነበበ ወዳጄ «የካንሰር ነው የሰጡሽ» ብሎ ሊያስለቅሰኝ ነበር። መጠኑ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ለካንሰር የሚሰጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የገረመኝ ግን መድኃኒቱ ራሱ አይደለም። አሰጣጡ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፤ መቅኒው ደም ማምረት ያቆማል። ስለዚህ ነርሷ ቀኑን እኔው እንድመርጥ አደረገችኝ። ሰኞ ማታ አልኩ። ሰኞ ተብሎ ተጻፈ። መድኃኒቱ የሚያመጣውን የሆድ መታወክና የአፍ ቁስል የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ዓርብ ሆነ። ኪኒኑ የሚሰጠኝ በ2.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከ10 ሚሊግራሙ ጋር እንዳይምታታ ተብሎ። ከመጀመሬ በፊት ጉበቴን፣ ኩላሊቴን፣ የደም ሴሎቼን፣ ሄፓታይተስን መረመሩ፤ ሳንባዬን በኤክስሬይ አዩ። ከጀመርኩ በኋላ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ሲረጋጋ በየሦስት ወሩ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የአፍ ቁስል፣ ያለምክንያት መበለዝ ካየሽ ደውዪ ተብያለሁ። ኢትዮጵያ ስትሄጂ የቢጫ ወባ ክትባት ሳትጠይቂን እንዳትወስጂ፣ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው አሉኝ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የበሽታዬን ስም ገና አላወቅነውም ያሉኝ ሰዎች ናቸው።

አሁን ደብረ ብርሃን ወዳሉት አክስቴ ልሂድ። የእሳቸው በሽታ ስም አለው። ሪህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተነገራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ድጋሚ አልጠየቀም። ጣቶቻቸው ወደ ጎን ተጣመዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ለሁሉም ሕመም የሚበቃ ምክንያት ነው። ፀበል ገብተዋል፣ ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ የሚያስታግስ መርፌ ተወግተዋል። በመጨረሻ አንድ ኪኒን «አዳነኝ» አሉ። ከመድኃኒት ቤት በትንሽ የወረቀት ፖስታ እየተቆጠረ ይሰጣቸዋል። ላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት።

እኔ ኪኒኔን ስጀምር ነው የእሳቸው ትዝ ያለኝ። የአክስቴ ልጅ መድኃኒት ቤቱ ሄዳ እሽጉን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ብግነትን ቶሎ የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል ዓይነት መድኃኒት። ለእኔም ለጥቂት ሳምንታት ሰጥተውኛል፤ ሜቶትሬክሴቱ እስኪይዝ ድረስ፣ ምክንያቱም ውጤቱ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በእርግጥ ተአምር ይመስላል። በማግስቱ ጣቶቼ ተፈቱ። ግን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ እንዳቆመው፣ በድንገት እንዳልተወው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ ዓይን ይጋርዳል። ፊትም ያብጣል። የአክስቴ ፊት ሲሞላ ቤተሰቡ ሁሉ «መድኃኒቱ ተስማማቸው፣ አማረባቸው» እያለ ይደሰት ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። እዚህ ከኢትዮጵያ መምጣቴን እንደሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቲቢ ነው። ታመሽ ታውቂያለሽ? ቤት ውስጥ የታመመ ነበር? እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ተኝቶ የኖረን ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ፕሬድኒሶሎንም በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲሁ ነው። ለንደን ውስጥ እንዲህ ከተጨነቁ፣ ቲቢ ባለበት አገር አክስቴን አንድ ሰው እንኳ ስለ ሳላቸው እንዴት አይጠይቅም?

ድህነት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በዚህ ሕመም የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች በአገራችን በጣም ጥቂት ናቸው። ግን ስኳርና ደም ግፊት መለካት ስፔሻሊስት አይጠይቅም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይሠራል። የመድኃኒቱን ስም ፖስታው ላይ መጻፍ ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። «እማማ፣ ይህን በድንገት እንዳያቆሙ» ማለት ስንት ያስወጣል?

እዚህ ሁሉ ነገር የተመቻቸ ነው ማለቴ አይደለም። የዚህ አገር መመሪያ እንዲህ ያለ እብጠት የተጠረጠረበት ሰው ከተላከ በ3 ሳምንት ውስጥ በስፔሻሊስት ይታይ ይላል። እኔ ወራት ጠብቄያለሁ። እነዚያን ወራት በሕመም ማስታገሻ ነው ያሳለፍኳቸው። የነርሶቹ ስልክ መልእክት ይቀበላል እንጂ ሰው አያነሳውም፤ መልሰው እስኪደውሉ ቀን ያልፋል። ማክሰኞ ጠዋት ከኪኒኑ በኋላ ሲያቅለሸልሸኝ አጥሚት የሚያቀርብልኝ የለም። አክስቴ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግማሽ ሰፈር ነው የሚከተላቸው። እኔ ሆስፒታል የምሄደው በአውቶቡስ፣ ብቻዬን ነው። ከአልትራሳውንዱ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ «አይዞሽ» የሚለኝ አማረኝ። ይህን የሚያህል ነገር ሰው ያለ ሰው መሸከም የለበትም።

ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ እባክዎ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ» ስላቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «የኔ ልጅ፣ ሪህ መሆኑ ታውቆ የለም እንዴ? ምን ያመላልሰኛል?» ስሙ ስለታወቀ ጉዳዩ አልቋል። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ልጃቸው እሽጉን ይዛ ወሰደቻቸው። ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ግን አላስደነገጣቸውም፤ ኪኒኑን ቀስ እያልን እንቀንሳለን ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። የተጣመሙትን ጣቶች አይቶም አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ጋ እንዲታዩ ወረቀት ጻፈላቸው። አሁን ከልጃቸው ጋር የምንመካከረው መኪናውን ማን ይከፍላል፣ የት ያርፋሉ፣ የሚለውን ነው።