ቆልቶ መሄድ ምን ያዋርዳል?

ባለፈው ሳምንት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ስመለስ በባጃጁ ሬዲዮ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የፕሮግራሙ እንግዳ ከሐዋሳ ተነስቶ ሃዋይ ድረስ ስለሄደ ወዳጁ ያወራል። ሰውየው ለዘመዶቹ ሦስት ኪሎ የሲዳማ ጥሬ ቡና ይዞ ነበር። ቺካጎ ላይ ቡናው ያለ ችግር አለፈ፤ ሆኖሉሉ ሲደርስ ተያዘ። እንግዳው ይህን ተርኮ ሲያበቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍርዱን ሰጠ፤ ቡናን ለዓለም ባበረከተች አገር ልጅ ላይ የተፈጸመ ንቀት ነው አለ። አዘጋጁም ያሳዝናል ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በቡና አገር ተወልደው፣ ምናልባትም ስኒ ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ስለ ቡና ይህን ያህል ሳያውቁ ማይክሮፎን የሚጨብጡ ሰዎች መኖራቸው ነው።

እንግዳው ትልቁ ማስረጃዬ ያለው ያንን የቺካጎን ጉዳይ ነው። ያው አሜሪካ አይደለም ወይ፣ እዚያ የተፈቀደ እዚህ እንዴት ይከለከላል፣ የፈታሹ አመል ካልሆነ በቀር አለ። አመል አይደለም፣ ሕግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጥሬ ቡና በመንገደኛ ሻንጣ ወደ ዋናው ምድር እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ወደ ሃዋይና ወደ ፖርቶ ሪኮ እንዳይገባ ይከለክላል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በሚቺጋን ሐይቅ ዳር በረዶ ላይ ቡና የተከለ ገበሬ ካለ ያሳዩኝ። ከሻንጣ ያመለጠች ነቀዝ ቺካጎ ላይ የምትበላው ማሳ የለም። ሃዋይ ግን ከ1825 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቡና ስታበቅል የኖረች ናት፤ ኮና በተባለው የትልቋ ደሴቷ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ከሲዳማው የበንሳ ገበሬ ባልተናነሰ ኑሮው በዚያች ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንግዳው ያልነገረን ደግሞ አለ። የተቆላ ቡና ይገባል። ሦስት ኪሎም ይሁን አምስት፣ ቆልተህ ከሄድክ ማንም አይነካህም። ብረት ምጣድ ሐዋሳ ውስጥ ጠፍቶ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቡና ከእኛ ነው የሄደው የሚለው ንግግር እውነት ነው፤ ክልከላውን የሚያጸድቀውም ይኸው እውነት ነው። ተክል በተወለደበት ምድር ብቻውን አይኖርም። ቅጠሉን የሚያዝገው፣ ፍሬውን የሚቦረቡረው፣ ግንዱን የሚያደርቀው ሁሉ አብሮት ተወልዶ አብሮት አርጅቷል። ቡና በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን ሲዞር የሄደው በጥቂት ፍሬ ነው፤ ከጠላቶቹ ብዙዎቹን እዚሁ ጥሎ ነው የተሰደደው። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የተወሰደ የቡና ተክል ልጆች ናቸው በኋላ ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሻገሩት። በእኛ ጫካ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቡና ዛፎች እንኳ መልካቸውም ጠባያቸውም ይለያያል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይቆማል። በእነዚያ ደሴቶች ያለው ቡና ግን የጥቂት እናቶች ዘር ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ጎረቤቱን አይምርም።

ይህ የእኔ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ ሲሎንን፣ የዛሬዋን ስሪላንካ፣ ተመልከቱ። እንግሊዞች የደሴቲቱን ተራሮች በቡና ሸፍነዋቸው ነበር። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት ታየ፤ የእኛ ገበሬ ቅጠሉን ሲገለብጥ ከሥሩ የሚያየው ያ ብርቱካናማ ዱቄት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ዛፉ ከጥላው ጋር፣ ከብዙ ዓይነት ወንድሞቹ ጋር ሆኖ ችሎት ይኖራል። ሲሎን ላይ ግን ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በቂ ሆኑ፤ ቡናው ተነቅሎ ሻይ ተተከለ። ሲሎን ሲባል ዛሬ ሁላችንም ትዝ የሚለን ሻይ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዝገቱ የከፋም አለ። ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ በ1922 ኬንያ ውስጥ ታወቀ፤ በ1971 እኛ ጋ ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ከሆነ ገበሬው ባዶ ቅርንጫፍ ይዞ ይቀራል። እኛን ያዳነን ጫካችን ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከራሳችን ደን ለቅመው አራቡ። ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ከአፍሪካ አልወጣም። ሃዋይ ቢገባ የኮና ሰው ከየትኛው ደኑ ሊለቅም ነው? ለእኛ ጉንፋን የሆነው ለእሱ ሞት ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ሻንጣ ቢከፍት ትንፋሹን ሊጠብቅ እንጂ ማንንም ሊሰድብ አይደለም።

ንቀት የሚለውን ቃል ግን እንዲሁ አልለቀውም። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚፈትሹ እንይ። በ2010 የቡና ፍሬ ቦርቧሪዋ ነፍሳት፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማትበልጠው ጥቁር ጥንዚዛ፣ ኮና ውስጥ ተገኘች። ወዲያው ከዚያች ደሴት ወደ ሌሎቹ የሃዋይ ደሴቶች ጥሬ ቡና ሳይታከም እንዳይወጣ ተደነገገ። የኮናው ገበሬ አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ወደሚደረስባት ኦዋሁ የገዛ ቡናውን እንዳሻው እንዳይወስድ ተከለከለ ማለት ነው። ከሃዋይ ወደ ካሊፎርኒያ የሚበር አሜሪካዊም ከጓሮው የለቀመውን ማንጎ ይዞ መውጣት አይችልም፤ የፍራፍሬ ዝንብ ይፈራል። ሃዋይ ውስጥ እባብ ይዞ የተገኘ እስከ 200,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ምክንያቱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ተደብቆ ጉዋም ደሴት የገባ አንድ የእባብ ዘር የአገሩን የጫካ ወፎች ጠራርጎ እንደጨረሰ አይተዋል። እነዚህን ሁሉ ማን ናቃቸው?

ታዲያ ዝገቱ በ2020 ሃዋይ ገብቷል አይደለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ገብቷል። ቦርቧሪዋም ከደሴት ደሴት ተሻግራለች። ቁልፍ ተሰብሮ ሌባ ስለገባ በሩን ነቅለን እንጣለው የሚል ባለቤት ግን አላጋጠመኝም። የዘገየ እያንዳንዱ ዓመት ገበሬው የሰበሰበው ምርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንን ነገር ከማንም አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ እኛ ነን የረሳነው።

መርሳት ብቻም አይደለም፤ ከፍለንበታል። እምቦጭ በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ሲነቅሉት የከረሙትን ሰዎች በቴሌቪዥን አይተናል። ነጩ የማንጎ ቅርፊት ተባይ በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ተገኘ፤ ከውጭ በገባ ችግኝ እንደመጣ ይታመናል። ስለ ቅንጬ አረም ማውራት አልፈልግም፣ ከብቶቻችን ያውቁታል። የአሜሪካ መጤ ተምች እንኳ በ2017 በራሱ ክንፍ መጣ እንበል። የቀሩት በሰው እጅና በሰው ጭነት የመጡ ናቸው። ሕግ አጥተን ነው እንዳንል የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ከ1992 ጀምሮ አለን። እዚህ ሐዋሳ የተቀመጥን ሰዎች ደግሞ ከሌላው በላይ ልንፈራ ይገባን ነበር። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ግን የለውም። የገባውን ሁሉ ይዞ የሚቀመጥ ገንዳ ነው። በውሃ ከተከበበች ደሴት በምን ይለያል?

ሬዲዮ ላይ መቆጣት ካስፈለገ መቆጣት ያለብን እዚህ ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ስመለስ ሁለት የተዳቀሉ የአቮካዶ ችግኞች በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ድንበር ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ስልክ ስንት ይዘሃል ተባልኩ፤ አዲስ ጫማዬን አገላብጠው አዩት፤ ቀረጥ የሚከፈልበት እንደሆነ ተከራከርን። ችግኞቹ ከነአፈራቸው እግሬ ሥር ነበሩ። ፈታሹ በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፋቸው። ይህንን ዘመዶቼ ዘንድ እንደ ጀብድ ስተርከው ነበር፤ አሳፋሪነቱ የገባኝ ያ የሬዲዮ እንግዳ ሲፎክር ስሰማ ነው።

አሁን አንዱ ችግኝ ደርቋል። ሁለተኛው ከአጥሬ ጥግ ቁመቴን ሊያክል ነው። ከአለታ ወንዶ እስከ ይርጋለም ያለው ገበሬ በአቮካዶ ተስፋ ያደረገበት ጊዜ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ቡናዬን ሳልጠጣ ወጥቼ የዚያችን ዛፍ ቅጠል አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ከሥሩ አያለሁ።