የሪሴት መስመሩ ከስኪማው ሊወጣ አይገባም

የጣናን የውኃ ከፍታ ለሚመዘግቡት መቆጣጠሪያ ቦርዶች የጋራ የዲቫይስ ትሪ ስኪማ እንዲያዘጋጅ እዚሁ ባሕር ዳር የተሰበሰበው የባለሙያዎች ቡድን፣ የኢተርኔት ቺፑን የሪሴት መስመር ከስኪማው ለማውጣት ባለፈው ሳምንት ወስኗል። ዲቫይስ ትሪ በቦርዱ ላይ የትኛው ቺፕ ከየትኛው ፒን ጋር እንደተያያዘ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ የሚነግር ፋይል ነው፤ ስኪማው ያ ፋይል ምን ምን ሊይዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የሪሴት መስመር ደግሞ ሲያዝ ቺፑን አቁሞ የሚያቆይ፣ ሲለቀቅ ዳግም የሚያስነሣው ነው። የቀረበው ምክንያት «ቦርዱ ሲነሣ ቡትሎደሩ መስመሩን ስለሚለቀው ድራይቨሩ አያስፈልገውም» የሚል ነው። ቡትሎደር ከርነሉን የሚጭነው የመጀመሪያ ፕሮግራም፣ ድራይቨር ደግሞ በከርነሉ ውስጥ ቺፑን የሚያዝዘው ክፍል ነው። በቡድኑ ውስጥ የማከብራቸው ሰዎች አሉ፤ ውሳኔው ግን ስሕተት ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ከውሳኔው የባሰ ነው።

ቡትሎደሩ መስመሩን የሚለቀው አንድ ጊዜ፣ ቦርዱ በሚነሣበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት ሲዋዥቅ ዋናው ፕሮሰሰር ሥራውን እንደቀጠለ የኢተርኔት ቺፑ ብቻውን ሊደነዝዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቡትሎደሩ የለም። ባለፈው ክረምት ዘጌ ላይ ያጋጠመን ይኸው ነው። ከርነሉ ይሠራል፣ መለኪያው ይመዘግባል፣ መረጃው ግን አይደርሰንም፤ ቺፑን ዳግም የሚያስነሣው መስመር በዲቫይስ ትሪው ውስጥ ስላልተጻፈ ድራይቨሩ ሊነካው አልቻለም። መስመሩ ቦርዱ ላይ በመዳብ ተዘርግቶ እያለ፣ አንድ ሶኬት ነቅሎ መልሶ ለመሰካት ሰው በጀልባ ተልኳል። «አያስፈልገውም» ያሉት ወገኖች ያንን የጀልባ ጉዞ በምን ስሌት እንዳለፉት ሊገባኝ አልቻለም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመርሕ ጉዳይ ነው። ዲቫይስ ትሪ የሚገልጸው ሃርድዌሩን ነው እንጂ የዛሬው ድራይቨር የሚጠቀምበትን ብቻ አይደለም። በዓባይ መውጫ ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብ 7 በሮች አሉት፤ ዘንድሮ አንዱ አይከፈትም ተብሎ በ6 በር የሚሥለው መሐንዲስ ቢመጣ ሥዕሉን ማን ይቀበለዋል? የሪሴት ፒኑም ቺፑ ላይ አለ፣ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ድራይቨሩ ነገ ይለወጣል፣ ቡትሎደሩም ይለወጣል፣ ብየዳው ግን እዚያው ይቆያል። ስኪማው ደግሞ ያልተዘረዘረ ፕሮፐርቲ (በዲቫይስ ትሪው ውስጥ የሚጻፍ የሃርድዌር መግለጫ) እንዳይገባ የሚከለክል ሆኖ ስለተጻፈ፣ በአዲሱ ውሳኔ መሠረት የቦርዱን እውነት በታማኝነት የጻፈ ሰው ከማረጋገጫው መሣሪያ የስሕተት መልእክት ይደርሰዋል፤ መስመሩን የደበቀው ያልፋል። እውነትን የሚቀጣ፣ ግድፈትን የሚያሳልፍ ስኪማ ለማንም አይጠቅምም። የሊኑክስ ከርነል የራሱ የኢተርኔት ፊዚ (ቦርዱን ከኢተርኔት ገመዱ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) ስኪማ ሪሴት-ጂፒአይኦስን፣ ማለትም መስመሩን የሚመራው ጂፒአይኦ (በሶፍትዌር የሚታዘዝ ፒን) የሚጻፍበትን ፕሮፐርቲ ብቻ ሳይሆን መስመሩ ተይዞ የሚቆይበትንና ከተለቀቀ በኋላ የሚጠበቀውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ጭምር ይቀበላል፤ እኛ ከዚያ ያነሰ የምንጽፍበት ምክንያት የለም።

መስመሩን መጻፍ ሲባል የፒኑን ቁጥር ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሪሴት ፒን ቺፑን የሚይዘው ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ነው፤ ይህ በዲቫይስ ትሪው ውስጥ በትክክል ከተጻፈ ድራይቨሩ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ብቻ ይላል፣ የቮልቴጁን አቅጣጫ ከርነሉ ራሱ ይገለብጣል። አቅጣጫውን ገልብጦ የጻፈ ሰው ድራይቨሩንም ገልብጦ ሲያስተካክል ነገሩ የሠራ ይመስላል፤ ሁለት ስሕተቶች ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ አንዱን በቅንነት ያረመ ሰው ደግሞ ቦርዱን ያቆመዋል። የሪሴት ሥራም ማስነሣት ብቻ አይደለም፤ ጂቲ911 የተባለው የንክኪ ስክሪን ቺፕ ከሁለቱ የአይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መንገድ) አድራሻዎቹ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወሰነው ሪሴቱ በሚለቀቅበት ጊዜ የኢንተራፕት ፒኑ (ቺፑ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት) ባለበት ሁኔታ ነው። አንድ መስመር ሁለት ቺፖችን ሲያገለግል ደግሞ የአንዱ ድራይቨር ሪሴት ሌላውን ይገድለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሊኑክስ 6.9 በጂፒአይኦ ለሚመራ የጋራ ሪሴት ራሱን የቻለ ድራይቨር የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተጻፈን መስመር ግን የትኛውም ድራይቨር ሊያስተባብር አይችልም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ፒኑ በሬዚስተር በኩል በቀጥታ ከኃይል ምንጩ ጋር የታሰረባቸው ቦርዶች ስላሉ፣ ፕሮፐርቲው የግዴታ መሆን የለበትም። ግዴታ አለማድረግና ከነጭራሹ መከልከል ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ቡድኑ ይህን ልዩነት ማየት ነበረበት።

«ሲያስፈልግ በኋላ ይጨመራል» የሚሉም አሉ። በኋላ የሚጨመረው ስኪማው ላይ ነው፤ በሐይቁ ዳርቻ በታሸጉ ሣጥኖች ውስጥ የተቀመጡት ቦርዶች የያዙት ዲቫይስ ትሪ አሮጌው ነው፣ አዲስ ከርነል ቢጫንባቸውም መስመሩን አያውቀውም። እየተከራከርንበት ያለው በስኪማው ውስጥ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ በቦርዱ ፋይል ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር ነው። ቡድኑ ውሳኔውን ይሻር፤ ቀጣዮቹ ቦርዶች ወደ ዳርቻው ከመጫናቸው በፊት ይሻረው።